በወለል ጣውላዎች መካከል ያለውን ክፍተት በምን ልሙላው?

ጥያቄ፦ «የቤታችን ወለል የቆየ ጣውላ ነው። ከስሩ ባዶ ቦታ አለ። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት አንዳንዱ ወረቀት ብቻ ያስገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ የትንሿን ጣት ጫፍ ሊያስገባ ምንም አልቀረውም። አምና ሰጋቱራ በኮላ ለውሰን ሞላነው፤ ላዩን ቫርኒሽ ቀባነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተሰነጣጠቀ። አሁን ስንጠርግ እየተፈረካከሰ ይወጣል። ከስር ብርድ ይገባል። ልጃችን መዳህ ስለጀመረች ነገሩ አሳስቦናል። ከዚህ የበለጠ የሚጠነክር መሙያ የቱ ነው? ወይስ ከስር በኩል የሚነፋ ፎም ብናስሞላው ይሻላል?»

ምላሽ፦

የሚጠነክር መሙያ አይፈልጉ። ያለፈው መሙያ የወጣው ስላልጠነከረ አይደለም። ጣውላው ሲንቀሳቀስ አብሮት መንቀሳቀስ ስላልቻለ ነው። ከዚያ የባሰ ጠንካራ ነገር ቢያስገቡ ወይ ተላቆ ይወጣል፣ ወይ ጣውላውን ራሱን ይጎዳዋል። የፎሙንም ሐሳብ ይተዉት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

እንጨት ከተቆረጠ ከብዙ ዓመታት በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፤ መልሶም ይሰጣል። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ብዙ ሰው «የቆየ እንጨት ነው፣ ከእንግዲህ የትም አይሄድም» ይላል። ስህተት ነው። የመቶ ዓመት ጣውላም ይንቀሳቀሳል። ዕድሜ የሚያስቀረው እርጥብ እንጨት መጀመሪያ ሲደርቅ የሚያሳየውን ትልቁን መኮማተር ብቻ ነው። ከወቅት ወቅት የሚመጣው ማበጥና መኮማተር ግን አይቆምም። ቫርኒሽም አያቆመውም። ቫርኒሽ እርጥበቱ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም። ደግሞም የተቀባው የላይኛው ፊት ብቻ ነው። የታችኛው ፊትና ጎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልነካቸውም።

ጣውላው በርዝመቱ በኩል የሚያሳየው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዋናው ለውጥ በስፋቱ ነው። ቁጥሩን ልስጥዎ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚገባው በቁጥሩ ነው። የክፍሉ አየር አንጻራዊ እርጥበት 30 በመቶ አካባቢ ሆኖ ሲቆይ፣ እንጨቱ ውስጥ የሚኖረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 6 በመቶ ገደማ ነው። አየሩ 50 በመቶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይወጣል። 70 በመቶ ሲሆን ደግሞ 13 በመቶ ይጠጋል። እንደ ጥድ ባለ እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር የጣውላው ስፋት በግምት በሩብ በመቶ ይለወጣል። ስለዚህ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ፣ ውሃው ከ8 ወደ 12 በመቶ ሲወጣ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። አጠገቡ ያለው ክፍተት በዚያው ልክ ይጠባል። በደረቁ ወቅት ደግሞ ተመልሶ ይከፈታል። ጣውላው ከግንዱ የተሰነጠቀበት አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። ጫፉን ሲያዩት የዕድሜ ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ከሆነ፣ እንቅስቃሴው ቀለበቶቹ ከተኙበት ጣውላ ግማሽ ያህል ነው። ሰፊ ጣውላ ያለው ወለል ክፍተቱ ሰፊ የሚሆነውም በዚሁ ስሌት ነው።

አሁን ወደ አምናው ሰጋቱራ እንመለስ። ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ነበር እንበል። ሞሉት፣ ደረቀ፣ ጠነከረ። ከዚያ ደረቁ ወቅት ገባና ክፍተቱ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ሰፋ። መሙያው ሳይሰነጠቅ እንዲቆይ የራሱን ስፋት በግማሽ መለጠጥ ነበረበት። በኮላ የተለወሰ ሰጋቱራ ከደረቀ በኋላ ምንም አይለጠጥም። ለሕንፃ ሥራ የሚሸጥ ጥሩ ተለጣጭ ማሸጊያ እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት የስፋቱ 25 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ የእናንተ እጅ አልነበረም ጥፋተኛው። ያ ሥራ በማንም እጅ ቢሠራ መውጣቱ አይቀርም ነበር።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ወቅት ነው። በደረቁ ወቅት፣ ክፍተቱ ጥግ ድረስ በሰፋበት ጊዜ፣ ጠንካራ ነገር ጥቅጥቅ አድርገው ሞሉት እንበል። እርጥበቱ ሲመጣ ጣውላዎቹ ያብጣሉ፤ የሚሄዱበት ቦታ ግን የለም። ያኔ ጠርዛቸው ላይ ያለው እንጨት ይጨፈለቃል። የተጨፈለቀ እንጨት አየሩ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ ስፋቱ አይመለስም፤ ከቀድሞው ጠቦ ይቀራል። በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ክፍተቱ ከመሞላቱ በፊት ከነበረው ይሰፋል። እንዲህ እያለ በየዓመቱ እየሞሉ የወለላቸውን ክፍተት በገዛ እጃቸው የሚያሰፉ ሰዎች አሉ። ግፊቱ ከበረታ ደግሞ ጣውላው መሃሉ ወይም ጠርዙ ተነስቶ ይጎብጣል፣ ምስማሩንም ይነቅላል።

ቫርኒሹም የራሱ ጣጣ አለው። በጠባብ ክፍተት ውስጥ ፈሶ ሲደርቅ ጎረቤታም ጣውላዎችን እንደ ኮላ ያጣብቃቸዋል። አራት አምስት ጣውላ ተጣብቆ እንደ አንድ ሰፊ ጣውላ መንቀሳቀስ ይጀምራል። በየመጋጠሚያው ተከፋፍሎ የነበረው መኮማተር አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰብና እዚያ ትልቅ ክፍተት ይከፈታል። ወለልዎን ይዩት። ጥቂት ጣውላዎች ፍጹም ተያይዘው ከአጠገባቸው ሰፊ ክፍተት ካለ፣ ከዚያም እንደገና ተያይዘው ሌላ ሰፊ ክፍተት ከመጣ፣ የተፈጠረው ይህ ነው። መፍትሔው የተጣበቀውን መስመር በስለታም ቢላ ቀስ ብሎ መለየት ነው። እንዲያ ሲሆን ትልቁ ክፍተት ከጊዜ በኋላ ራሱ ይቀንሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ መለካት ይበጃል። ሳይለኩ መሙላት ነው ዋናው ስህተት። አሥር አሥራ ሁለት ቦታ ይምረጡ፣ በትንሽ ፕላስተር ምልክት ያድርጉ፣ ክፍተቱን በሚሊ ሜትር ይመዝግቡ። ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ካርድ ደርበው ከገባ 1.5፣ አራት ከገባ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አንድ ጊዜ አየሩ በጣም በደረቀበት ወር ይለኩ። ቤቱ በማሞቂያ የሚሞቅ ከሆነ ይህ ማሞቂያው ብዙ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ሁለተኛውን አየሩ በጣም እርጥብ በሆነበት ወር ይለኩ። በሁለቱ መካከል ወራት ማለፋቸው እንደሚያበሳጭ አውቃለሁ። ግን ውሳኔውን ሁሉ የሚሰጠው ይህ ልዩነት ነው። በእርጥቡ ወቅት ራሱ የሚዘጋ ክፍተት መሙያ አያስፈልገውም። ቦታው የተተወለት ለዚያ ነው። በእርጥቡም ወቅት ሰፍቶ የሚቀረው ነው ቋሚ ክፍተት፤ የሚሞላውም እሱ ነው።

በዚህ መሃል ሌላ የሚሠሩት አለ። እላዩ ላይ ይራመዱና የሚወዛወዘውን፣ የሚጮኸውን ጣውላ ይለዩ። ከስሩ ካለው ሞራሌ (ጣውላውን ከሚሸከመው እንጨት) ጋር ያልጠበቀ ጣውላ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ታችና ወደ ላይ ይላል። እንዲህ ባለ ጣውላ አጠገብ የገባ መሙያ ምንም ይሁን ምን ይወጣል። ስለዚህ ማሰር ይቀድማል። ላላ ያለውን ምስማር ደጋግሞ ከመምታት በቪቴ ማሰር ይሻላል። ቪቴው የሚገባው ነባሮቹ ምስማሮች በተሰለፉበት መስመር ነው፣ ሞራሌው የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ። ከመብሳትዎ በፊት ግን በዚያ መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦም ሆነ የውሃ ቧንቧ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ሽቦና ቧንቧ ብዙ ጊዜ ሞራሌው ላይ በተቆረጠ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ከጣውላው ስር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ያልፋል።

የተወሰነ ቦታ ላይ ብቻ ክፍተቱ ድንገት ከሰፋ ወይም ጣውላው ከጎበጠ ነገሩ የወቅት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የሚያፈስ ቧንቧ፣ ከስር የሚወጣ እርጥበት፣ የበሰበሰ ሞራሌ ወይም ነፍሳት ሊሆን ይችላል። እንጨቱን በጩቤ ጫፍ ይጫኑት። ሳይቸገር ጠልቆ ከገባ በስብሷል። ክፍተቱ ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ እየተጠራቀመ፣ በጣውላው ላይም ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ እንጨቱን የሚበላ ጥንዚዛ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በመሙያ መሸፈን በሽታውን መደበቅ ነው። ቀድሞ ይታከም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ። እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለውን ክፍተት ይተዉት እላለሁ። ይህን ስል ለማቃለል ብዬ አይደለም። በዚህ ስፋት የሚገባ ማንኛውም ነገር ለመያዝ የሚበቃ አካል የለውም፤ ቶሎ ይወጣል። ቀጥ ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር የጣውላ ወለል መልኩ ነው፤ ለእኔ ያምራል። ስለ ልጅዎ የሚያስቡት ቆሻሻውን ከሆነ፣ ከሁሉም የሚያሰጋው ከዚያ ክፍተት እየተፈረካከሰ የሚወጣው አሮጌ መሙያ ነው፤ አንስታ ወደ አፏ ትወስደዋለች። እሱን ነቅለው ያውጡ። ከዚያ በኋላ በጠባብ አፍ የአቧራ መሳቢያ በየጊዜው መሳብ ይበቃል። ውሃ አያፍስሱበት፤ በጣም የረጠበ መወልወያም አይጠቀሙ። ክፍተቱ ውስጥ የገባ ውሃ የሚደርቀው ቀስ ብሎ ነው።

ቋሚ ለሆነውና ከ4 ወይም ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ለሰፋው ክፍተት እኔ የማምነው በእንጨት ሽብልቅ ነው። ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ቢቻል በዕድሜም ከሚቀራረብ እንጨት፣ ረዥምና ስስ ቁራጭ ይሰነጠቃል። የእንጨቱ ጭረት በቁራጩ ርዝመት መሄድ አለበት። ከላይ ከክፍተቱ በጥቂቱ ወፈር፣ ወደ ታች ሳሳ ይላል። ከመግባቱ በፊት ክፍተቱ ይጸዳል። አሮጌ ኮላ፣ ሰም፣ የተጋገረ አቧራ ሁሉ በጠማማ ቢላ ተፍቆ፣ ተስቦ ይወጣል፤ በቆሻሻ ላይ ኮላ አይዝም። ቀጥሎ ኮላው የሚቀባው በሽብልቁ አንድ ጎን ብቻ ነው። ይህን በደንብ ያስምሩበት፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ጎን ከተቀባ ሁለቱ ጣውላዎች ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፣ ደረቁ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሽብልቁ ራሱ ወይም የጣውላው ጠርዝ ይሰነጠቃል። በአንድ ጎን ብቻ ሲቀባ ግን ሽብልቁ የአንዱ ጣውላ አካል ሆኖ አብሮት ይሄዳል። በደረቁ ወቅት በሌላው ጎን ቀጭን መስመር ይከፈታል፤ በእርጥቡ ይዘጋል። መሆን ያለበትም ይኸው ነው።

ሽብልቁ የሚገባው እላዩ ላይ ቁራጭ እንጨት አስደግፎ በላስቲክ መዶሻ ቀስ እያሉ በመምታት ነው። አልገባም ብሎ ካስቸገረ ወፍሯል ማለት ነው። ያሳሱት እንጂ በጉልበት አይምቱት፤ ጎረቤቶቹን ጣውላዎች ይገፋቸዋል። ከወለሉ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቅር። ኮላው አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ከፍ ያለው በመላጊያ ተልጎ ከወለሉ ጋር ይስተካከላል። ጣውላዎ ወንዴና ሴቴ ያለው (የአንዱ ጠርዝ ምላስ በሌላው ጠርዝ ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባ) ከሆነ ግን ሽብልቁ ረዥም ቁመት ሊኖረው አይችልም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ወንዴው ይጠብቀዋል። ሽብልቁ ወንዴው ላይ ተቀምጦ መምታት ከቀጠሉ ወንዴው ይሰበራል። በቀጭን ሽቦ ጥልቀቱን አስቀድመው ይለኩ። ሽብልቁን የሚያስገቡበት ጊዜ ደግሞ እርጥቡ ወቅት ነው። ክፍተቱ በጠበበበት ጊዜ ልክክ ብሎ የገባ እንጨት በሌላ ጊዜ የሚጨፈልቀው ነገር የለም።

በመካከል ላለው፣ ማለትም ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከወቅት ወቅት ብዙ ለሚለዋወጠው ክፍተት፣ የተፈጥሮ ገመድ የተሻለ ነው። የጥጥ ሲባጎ፣ የጁት ወይም የቃጫ ገመድ ይሆናል። የእንጨት መርከብ የሚሠሩ ሰዎች የመርከቡን ጣውላ መጋጠሚያ ለዘመናት ሲደፍኑ የኖሩት በሬንጅ በተነከረ የቃጫ ጭረት ነው። ምክንያቱም ገመድ ጣውላው ሲያብጥ ይታመቃል፣ ሲኮማተር ይለቃል። የገመዱ ውፍረት ከክፍተቱ በሩብ ያህል ይብለጥ። ቀለሙ ከወለሉ ጋር እንዲቀራረብ ከፈለጉ አስቀድመው በእንጨት ቀለም ነክረው ሙሉ በሙሉ ያድርቁት። ከዚያ በደነዘ ስፓቱላ ወይም በመሮ ጀርባ እየተጫኑ ያስገቡት። ከወለሉ ፊት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከፍ ካለ ጫማና መጥረጊያ ይቦጫጭቀዋል፤ ትንሽ ልጅም ጫፉን ይዛ ትጎትተዋለች። ኮላ አያስፈልገውም። ብርዱን በደንብ ይቀንሳል፤ ደስ ካላለዎትም በመንጠቆ ስበው ያወጡታል። ወለሉ ላይ ምንም ጉዳት አይተውም። ጉድለቱ፣ ቀስ በቀስ አቧራ ይይዛል። ገመዱ የሚገባው ከሽብልቁ በተቃራኒ በደረቁ ወቅት ነው። ክፍተቱ በሰፋበት ጊዜ ጠበቅ ብሎ ከገባ ወቅቱ ሲለወጥ ይበልጥ ይጠብቃል። በእርጥቡ ወቅት ከገባ ግን ክፍተቱ ሲሰፋ ላልቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ከቱቦ ስለሚወጡት ማሸጊያዎች ብዙ ሰው ይጠይቃል። ተለጣጩ አክሪሊክ ጠባብና ብዙ የማይንቀሳቀስ ክፍተት ላይ ሊያገለግል ይችላል። ብቻውን ግን አይፍሰስ። ከስሩ ማሸጊያው የማይጣበቅበት ቀጭን የፎም ገመድ ይግባና ማሸጊያው በሁለቱ ጎኖች ብቻ ይያዝ። ከስርም ከተያዘ በነፃነት መለጠጥ ስለማይችል ቶሎ ይቀደዳል። አንዴ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አይላግም፤ ቆሻሻ ይስባል፤ ቀለሙም ከእንጨቱ እየተለየ ይሄዳል። ሲሊኮንን ግን ጨርሶ አያስጠጉት። ቫርኒሽም ሆነ ዘይት በሲሊኮን ላይ አይዝም። ቢነቅሉትም የሚተወው ቅባት በእንጨቱ ላይ ይቀራል፣ ወደፊት ወለሉን ለማደስ ሲፈልጉ ያስቸግርዎታል።

ሰጋቱራ ከናካቴው አይሠራም ማለቴ አይደለም። ትንንሽ ቁራጮች ተገጣጥመው በኮላ ሙሉ በሙሉ በተለጠፉበት ፓርኬ ላይ ጥሩ ይሠራል። ቁራጩ ጠባብ ስለሆነ የእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጥቂት ነው፤ በብዙ መጋጠሚያም ይከፋፈላል። እዚያ ከራሱ ከወለሉ ተልጎ የወጣው የላመ ብናኝ ለዚሁ ተብሎ ከሚሸጥ የእንጨት ሙጫ ጋር ተለውሶ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለውን ይሞላል። ተራ ነጭ ኮላ ግን ሲደርቅ ቀለም አይቀበልም፤ በቫርኒሹ ስር እድፍ መስሎ ይታያል። በእናንተ ዓይነት በሞራሌ ላይ በተመታ ሰፊ ጣውላ ላይ ግን ይህ አይሆንም። እርስ በርስ የሚቆለፈው ላሜኔት ወለል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ክፍተት ከታየ ሰሌዳው ተንሸራቷል ማለት ነው፤ መፍትሔው መልሶ መግፋት እንጂ መሙላት አይደለም።

ወደ ብርዱና ወደ ፎሙ ልምጣ። ከጣውላው ስር ያለው ባዶ ቦታ ለከንቱ የተተወ አይደለም። ከመሬቱ የሚወጣው እርጥበት በግድግዳው ግርጌ ባሉት ቀዳዳዎች በሚያልፈው አየር እየተጠረገ ይሄዳል። እንጨት ውስጥ ያለው ውሃ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ምቹ ቦታ ያገኛል። የሚነፋ ፎም ሞራሌውንና የጣውላውን ጀርባ ሲሸፍን እንጨቱ መተንፈሻ ያጣል። እርጥበት ከገባ አይወጣም። ሞራሌው ሲበሰብስም አይታይም፤ ፎሙ ሸፍኖታል። ፎሙን ከጣውላው ላይ ማላቀቅ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው፤ ጣውላውን ሳይሰብሩ ማንሳትም ይቸግራል። ብርዱን ለመከላከል ብለው የግድግዳውን ቀዳዳ መዝጋትም እንዲሁ ጥፋት ነው። ከክፍሉ በታች ወይም በክፍሉ ውስጥ በጋዝ ወይም በእንጨት የሚሠራ ማሞቂያ ካለ ጉዳዩ ከወለልም ያልፋል። እሳቱ ንጹሕ አየር ካላገኘ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ቤቱን አጥብቀው ከማሸግዎ በፊት አየር ከየት እንደሚያገኝ በባለሙያ ያስፈትሹ።

ብርዱን በእውነት ማስቀረት ከተፈለገ ትክክለኛው መንገድ በሞራሌዎቹ መካከል እንደ ማዕድን ሱፍ ያለ አየርና እርጥበት የሚያስተላልፍ ማገጃ ማስቀመጥ ነው። ከስሩ በመረብ ወይም እርጥበት በሚያሳልፍ ሸራ ይያዛል። ከማገጃው በታች አየሩ እንደ ልቡ እንዲያልፍ ይተዋል። ከስር መግባት ከተቻለ ከስር፣ ካልተቻለ ጣውላው ተነስቶ ከላይ ይሠራል። በዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ ላይ በሚመታው ሳንቃ) እና በወለሉ መካከል የሚገባው ብርድም አይናቅ። ብዙ ቤት ውስጥ በጣውላዎቹ መካከል ከሚገባው አያንስም፤ እሱን በተለጣጭ ማሸጊያ መዝጋት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ማሸጊያው የሚቀባው ግን በዞኮሎውና በወለሉ መገናኛ ላይ፣ በስሱ ነው። ከዞኮሎው ጀርባ በጣውላውና በግድግዳው መካከል የተተወውን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት በምንም አይሙሉት። ወለሉ በሙሉ ሲያብጥ የሚዘረጋበት ቦታ ያ ነው።

መላግና ማጽዳት ሲጀምሩ የሚከተሉትን ይጠንቀቁ። ጣውላው የቆየ ቀለም ካለው፣ በተለይ ቤቱ በጣም የቆየ ከሆነ፣ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። የእርሳስ ብናኝ ለትንሽ ልጅ አእምሮ አደገኛ ነው። ቀለሙ ሳይመረመር አይፋቅ፣ አይላግ። የእንጨት ብናኝም ራሱ ቀላል አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ በአንደኛ ምድብ ካስቀመጣቸው ነገሮች አንዱ ነው። የብናኝ ጭንብል ያድርጉ፤ ልጅዎን ሥራው አልቆ ቤቱ እስኪጸዳ ከዚያ ያርቋት። ወለሉን በተልባ ዘይት ከቀቡ የቀቡበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። አሁኑኑ የአምናውን መሙያ ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ይህ ለልጅዎም ለወለሉም የመጀመሪያው ሥራ ነው። የሚወዛወዙትን ጣውላዎች በቪቴ ይሰሩ፤ ወጣ ያሉ ምስማሮችን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገቡ። በሁለቱም ወቅት ይለኩ። በእርጥቡ ወቅት ሳይዘጋ ለቀረው ሰፊ ክፍተት በአንድ ጎን ኮላ የተቀባ ሽብልቅ ያስገቡ። ከዚያ ወለሉን ይላጉ፣ ይቀቡ። ስትቀቡ ቫርኒሹ በጠባቦቹ ክፍተቶች ውስጥ እንዳይጠራቀም በስሱ ይሁን። ገመዱ የሚገባው ከሁሉ በኋላ፣ በደረቁ ወቅት ነው። ቀድሞ ከገባ የመላጊያው ማሽን ይቦጫጭቀዋል። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ያለውን አይንኩት።

አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ ይህን ምክር እለውጣለሁ። በእርጥቡ ወቅት ሲለኩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክፍተቶች ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፉ ከሆነ፣ በየክፍተቱ ሽብልቅ ማስገባት ከሥራው ትርፍ በላይ ድካም ነው፤ ወለሉም የተጣፈ ይመስላል። ያኔ ጣውላዎቹን አንስቶ፣ ጠርዛቸውን አስተካክሎ፣ አጠጋግቶ እንደገና መምታት ይሻላል። በመጨረሻ ግድግዳው አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ጣውላ የሚያህል ቦታ ይተርፋል፤ በተመሳሳይ እንጨት ይሞላል። ጣውላው በተነሳበት ሞራሌዎቹ ይፈተሻሉ፣ የብርድ ማገጃውም በዚያው ይገባል። ሥራው የሚሠራው አየሩ በጣም ሳይደርቅና ሳይረጥብ፣ ጣውላዎቹም በዚያው ክፍል ውስጥ ጥቂት ሳምንት ተዘርግተው ከአየሩ ጋር ከተላመዱ በኋላ ነው። ወንዴና ሴቴ ያለው ጣውላ ሲነሳ በቀላሉ ስለሚሰበር፣ ይህን ክፍል ልምድ ላለው አናጢ ይስጡት።